ለእናቴ ግቢ የሠራሁት ካንቼሎና ማጠፊያዎቹ

አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር አካባቢ የሚገኘው የእናቴ ግቢ የብረት በር (ካንቼሎ) ለብዙ ዓመታት የሚከፈተው መሬት እየፋቀ ነበር። ትልቁን ተካፋች (የበሩን ክንፍ) ለመክፈት መጀመሪያ ጫፉን ጨብጦ ወደ ላይ ማንሳት፣ ከዚያም በትከሻ እየገፉ ወደ ውስጥ መውሰድ ያስፈልግ ነበር፤ በሩ በሲሚንቶው ላይ የሳለው የሩብ ክብ ጭረት ዛሬም ድረስ ይታያል። እናቴ ዕድሜዋ ሰባን ስላለፈ ትልቁን ተካፋች መንካት ከተወች ቆይታለች። ሁለት ጊዜ በያጅ ተጠርቶ ነበር። የመጀመሪያው የተላቀቀውን ማጠፊያ መልሶ በየደው፤ ሁለተኛው ደግሞ በመሐል ሦስተኛ ማጠፊያ ጨምሮ ሄደ። ከሁለቱም ጥገናዎች በኋላ በሩ ጥቂት ወራት ቆይቶ ወደ ቀድሞው መጎተቱ ተመለሰ። ባለፈው ጥር የላይኛው ማጠፊያ ከተቀበረበት የብሎኬት ቁራጭ ጋር ተነቅሎ ወጣና በሩ በአንድ ጎኑ ተንጋዶ ቀረ።

«ሰው ላይ ሳይወድቅ አንድ ነገር አድርግ እንጂ፣ ልጄ» አለችኝ።

እኔ በወጣትነቴ ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኘው ተግባረ ዕድ የብረታ ብረት ሥራ ተምሬያለሁ፤ እንጀራዬ ዛሬ በሌላ ሙያ ቢሆንም የብየዳ ማሽንና ግራይንደር ከቤቴ ጠፍተው አያውቁም። ስለዚህ ሌላ በያጅ ከመጥራት ይልቅ በሩን ከነማጠፊያው እኔው ልሠራው ወሰንሁ። ሥራው ከዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ጀምሮ እስከ ግንቦት መጨረሻ ወሰደብኝ፤ ምክንያቱም የምሠራው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር። እሑድ እናቴ መዶሻ አታስነካኝም፤ የሚካኤል ዕለት ቅዳሜ ላይ ሲውልም እንደዚያው ነው።

አሮጌውን በር አውርጄ መሬት ላይ ካስተኛሁት በኋላ ለረጅም ጊዜ ስመረምረው ቆየሁ። ያስገረመኝ ነገር ቢኖር የበሩ አካል ራሱ ያን ያህል አለመበላሸቱ ነው። ላሜራው (ዝርግ ብረቱ) ከሥር ዝጓል፤ ማዕዘኖቹ ግን አልተላቀቁም፤ ብየዳውም ከሞላ ጎደል ደህና ነው። የተበላው ማጠፊያው ነው። የታችኛው ማጠፊያ ፒን (ማጠፊያው የሚዞርበት ዘንግ) ከመሐሉ እንደ ተጋጠ አጥንት ቀጥኗል፤ የላይኛው ደግሞ የተያዘው በኮለኑ (በምሰሶው) ብረት ላይ ሳይሆን በልስንና በብሎኬት ውስጥ በተወሸቀ አንድ ቁራጭ ፌሮ ብቻ ነበር። ለበሩ አካል ብዙ ብረትና ገንዘብ ወጥቶበታል፤ ያን ሁሉ ብረት ለሚሸከመው አካል ግን ከሱቅ የተገዛ ስስ ማጠፊያ ይበቃዋል ተብሎ ታስቧል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ የበር ንድፍ መጀመር ያለበት ከማጠፊያው ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሠራሁትም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

የማጠፊያውን ልክ ለማወቅ በሩ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ብረት በአንድ ሜትር ኩብ 7,850 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በካሬ ሜትር 11.8 ኪሎ ያህል ይመጣል። ለትልቁ ተካፋች 4 ካሬ ሜትር ላሜራ ይገባል፤ ይህ 47 ኪሎ ነው። ግድግዳው 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 60 በ40 ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ደግሞ በሜትር 3.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ለፍሬሙ፣ ለመሐል አግዳሚውና ለሰያፉ ድጋፍ 13.5 ሜትር ስለሚያስፈልግ 49 ኪሎ ይሆናል። መወርወሪያውንና እጀታውን ጨምሬ 105 ኪሎ ብዬ ያዝሁት።

ይህ ክብደት በማጠፊያዎቹ ላይ የሚያደርሰው ጫና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚጫነው 105 ኪሎ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የጎን ጉልበት ነው። የበሩ ክብደት መሐል ከማጠፊያው አንድ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚገኝ በሩ ሁልጊዜ ጫፉን ወደ መሬት ሊጥል ይሞክራል፤ በዚህም የተነሳ የላይኛውን ማጠፊያ ከኮለኑ ነቅሎ ለማውጣት ይጎትታል፤ የታችኛውን ደግሞ ወደ ኮለኑ ይገፋል። ጉልበቱን ለማግኘት ክብደቱን በበሩ ወርድ ግማሽ አባዝቶ በሁለቱ ማጠፊያዎች መካከል ላለው ርቀት ማካፈል ይበቃል። የበሬ ወርድ 2.10 ሜትር፣ በማጠፊያዎቹ መካከል ያለው ርቀት 1.60 ሜትር ስለሆነ የጎን ጉልበቱ 69 ኪሎ ያህል ነው። ማጠፊያዎቹን አቀራርቤ በ90 ሳንቲ ሜትር ርቀት ባደርጋቸው ኖሮ ያው በር 122 ኪሎ ይጎትት ነበር። በዚህ ላይ የሰፈራችን ልጆች በር ላይ ተንጠልጥለው መወዛወዝ ይወዳሉ፤ እኔም በልጅነቴ ያደረግሁት ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ የበሩ ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል ሌላ 39 ኪሎ ይጨምራል። የአሮጌው በር የላይኛ ማጠፊያ ከብሎኬቱ ለምን እንደተነቀለ የገባኝ ይህን ወረቀት ላይ ካሰፈርሁ በኋላ ነው።

ስለ ሦስተኛው ማጠፊያም እዚሁ ልናገር። ማጠፊያ ሲበዛ በሩ ይበልጥ ይጠነክራል የሚለው አስተሳሰብ በከተማችን የተለመደ ነው፤ እውነት የሚሆነው ግን ሦስቱም ፒኖች በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ሲውሉ ብቻ ነው። የመሐሉ ፒን ከሌሎቹ መስመር በ2 ሚሊ ሜትር እንኳ ቢወጣ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ብረቶቹ እርስ በርሳቸው ይታገላሉ፤ ጫናው ይከፋፈላል ሲባል ጭራሽ ሌላ ጫና ይፈጠራል። የአሮጌው በር የታችኛ ፒን እንዲያ የተጋጠው ሦስተኛው ማጠፊያ ከተጨመረ በኋላ መሆኑን እገምታለሁ። በሚገባ የተደረደሩ ሁለት ወፍራም ማጠፊያዎች ከሦስት ይበልጣሉ።

የማጠፊያውን ሐሳብ ያገኘሁት ከአያቴ ቤት ነው። ቡልጋ ባለው ቤቷ የእንጨት መዝጊያው ምንም ዓይነት የብረት ማጠፊያ አልነበረውም፤ የመዝጊያው አንድ ጠርዝ ከላይና ከታች እንደ አውራ ጣት ወጣ ብሎ ተጠርቧል፤ የታችኛው ጉጥ መድረኩ ላይ በተቦረቦረ ድንጋይ ውስጥ ይቀመጣል፤ የላይኛው በጉበኑ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። አያቴ ሲንጫጫባት ድንጋዩ ላይ ሞራ ትቀባበት ነበር። ከባዱ መዝጊያ በሕፃን እጅ ይከፈት የነበረው ክብደቱ በሙሉ ከታች ባለችው አንዲት ነጥብ ላይ ስለሚያርፍ ነው፤ የላይኛው ጉጥ ምንም ክብደት አይሸከምም፤ መዝጊያው እንዳይዘነበል ብቻ ይይዘዋል። እኔም ይህንኑ በብረት ልሠራው አሰብሁ።

የታችኛው ማጠፊያ እንዲህ ነው። ከኮለኑ በሚወጣ አጭርና ወፍራም ክንድ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ድፍን ፒን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ይህ ወንዴው ነው። በበሩ ላይ የሚበየደው ሴቴ ከ50 ሚሊ ሜትር ድፍን ብረት የተቦረቦረ፣ ከሥሩ ክፍት፣ ከአናቱ ዝግ የሆነ ኩባያ ነው፤ ከላይ ወንዴው ላይ እንደ ባርኔጣ ይደፋል። በወንዴው አናትና በኩባያው ጣሪያ መካከል ከአሮጌ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) የወጣች 12 ሚሊ ሜትር የብረት ብይ ትቀመጣለች። 105 ኪሎው በሙሉ በዚህች ብይ ላይ ያርፋል፤ የጎን ጉልበቱን ደግሞ የኩባያው ግድግዳ ይቀበላል። ኩባያው የተደፋ በመሆኑ የዝናብ ውሃ ወደ ፒኑ አይገባም፤ ለዚህ ተብሎ የተጨመረ ሌላ ነገር የለም። የላይኛው ማጠፊያ በመልኩ ተመሳሳይ ነው፤ ነገር ግን ብይ የለውም፤ በፒኑ አናትና በኩባያው ጣሪያ መካከል 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት አለው። ብይዋ በጊዜ ብዛት ለስላሳውን ብረት ትንሽ ተጭና መቀመጫዋን ስለምታሰፋ፣ በሩ ያችን ታህል ዝቅ ሲል የላይኛው ማጠፊያ ሳያስበው ክብደት እንዳይሸከም ነው ክፍተቱን የተውሁት።

ብረቱን ለመግዛት መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄድሁ። ያገለገለ ብረት በኪሎ በሚሸጥበት በዚያ ሥፍራ ዓይኔ ያረፈው ከጭነት መኪና በወጣ መሪ ፒን ላይ ነበር፤ ውፍረቱ ለእኔ የተለካ ይመስላል፤ ላዩም እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ደስ ብሎኝ ገዛሁት። ቤት አምጥቼ ከ10 ሚሊ ሜትር ላሜራ በተቆረጠው ክንድ ላይ በየድሁት፤ ብየዳው ሲታይ የሚያምር ነበር። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ግን በብየዳው ጠርዝ ዙሪያ ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር አየሁ። በመዶሻ አንድ ጊዜ መታ ሳደርገው ፒኑ ከነብየዳው ተፈንቅሎ ወደቀ፤ የተሰበረበት ፊት እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ ሆኖ ያንጸባርቅ ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የተማርሁትን ረስቼ በውፍረቱና በውበቱ ተታልያለሁ። እንዲህ ያሉ የመኪና ፒኖች እንዳይበሉ ሲባል ላያቸው እንዲጠነክር ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ካርቦን የበዛበት ብረት በብየዳ ግሎ፣ ዙሪያውን ያለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን በፍጥነት ሲመጥበት፣ እጅግ ጠንካራ ነገር ግን ተሰባሪ ይሆናል፤ ብየዳው እየቀዘቀዘ ሲሰበሰብ ይጎትተዋል፤ መለጠጥ ስለማይችልም ይሰነጠቃል። ለማወቅ ቀላሉ ዘዴ ሞረድ ነው፤ ሞረዱ ብረቱን ከነከሰው ለብየዳ ይሆናል፤ ጥርሱ እየተንሸራተተ ፊቱ ላይ ከተንሳፈፈ ግን ምንም ቢያምር መተው ነው። በግራይንደር ሲነካም ለስላሳው ብረት ረጃጅምና ቀጥተኛ ብልጭታ ሲያወጣ፣ ካርቦን የበዛበት በጫፉ እንደ ርችት የሚበተን ብልጭታ ያወጣል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሞረድ ኪሴ ውስጥ ይዤ ተመለስሁና ለስላሳ ክብ ብረት በ30 እና በ50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ገዛሁ።

ኩባያዎቹን የቦረቦሩልኝ ሶማሌ ተራ አካባቢ ባለ አንድ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን እየዞረ በሚቀረጽበት ቤት) የሚሠሩ አዛውንት ናቸው። በወረቀት ላይ የሣልሁትን ካዩ በኋላ «ክፍተቱን ስንት ልስጠው?» አሉኝ። እኔ በተቻለ መጠን ልክክ እንዲል ፈልጌ ስለነበር «0.1 ይበቃል፣ ጋሼ» አልኋቸው።

«ይሄ ሞተር አይደለም እኮ፣ ልጄ። ክረምት ይመጣል፣ አቧራ ይገባል፣ ግሪሱ ይደርቃል። እንዲህ ከጠበበ ዝገት ይዞ ያስቀርብሃል፤ 0.3 ልስጥህ» ብለው በ30.3 ሚሊ ሜትር ቦረቦሩት። የወንዴዎቹን አናትና የኩባያዎቹን ጣሪያም ብይዋ እንድትቀመጥባቸው ሾጠጥ አድርገው ቀደዱልኝ። ለግሪስ ማስገቢያም በእያንዳንዱ ኩባያ ጎን በትንሽ ቡሎን የሚዘጋ ቀዳዳ ከፈቱበት። ካንቼሎ፣ ላሜራ፣ ፌሮ፣ ቶርኖ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ ገብተው አማርኛ የሆኑ ቃላት ናቸው፤ «ወንዴ»ና «ሴቴ» የሚለውን የአማርኛ ስም ግን እስካሁን ከሰማሁት የተሻለ ገላጭ ሆኖ አግኝቸዋለሁ።

ኮለኑን ማፍረስ ግድ ነበር። ብሎኬት ሊሸከመው የማይችለውን በር ለብሎኬት መልሶ መስጠት አልፈለግሁም። 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ፣ አራት ባለ 14 ፌሮ በቀለበት ታስሮ፣ 30 በ30 የሆነ ኮለን ተሞላ። ከመሞላቱ በፊት ግን 15 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የ10 ሚሊ ሜትር ላሜራዎች ከጀርባቸው አራት አራት የባለ 12 ፌሮ እግሮች ተበይደውላቸው፣ እግሮቹ ጫፋቸው ታጥፎ፣ ከኮለኑ ፌሮ ጋር ታሰሩ። እንዲህ ሲሆን በሩ የሚጎትተው የኮለኑን አጥንት ነው። በላይኛው ላሜራ ጀርባ ለ16 ሚሊ ሜትር ቡሎን የሚሆኑ አራት ዳዶዎች በየድሁ፤ ኮንክሪቱ እንዳይገባባቸውም ቡሎኖቹን በግሪስ ቀብቼ አስገብቼ ተውኋቸው። ለምን በቡሎን እንዳደረግሁት በኋላ እመለስበታለሁ።

ኮንክሪት የሚጠበቅበትን ጥንካሬ ለማግኘት 28 ቀን ይፈልጋል፤ ይህም በእኔ አቆጣጠር አራት ቅዳሜ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እናቴ ኮለኑን በጆንያ ጠቅልላ ጠዋትና ማታ ውሃ ስታጠጣው ሰነበተች፤ እንደ ችግኝ ነበር የተንከባከበችው። እኔ ደግሞ በእነዚያ ቅዳሜዎች በሩን ሠራሁ።

የበሩን ልክ የወሰነልኝ ገበያ ላይ ያለው ላሜራ ነው። ላሜራ 1 ሜትር በ2 ሜትር ሆኖ ይሸጣል። የትልቁ ተካፋች ፍሬም በውጭ 2.10 በ2.10 ሲሆን፣ የቱቦላሬው ባለ 60 ፊት ከየጎኑ ሲቀነስ የውስጡ ክፍተት 1.98 ይቀራል፤ ስለዚህ በአግድም የተኙ ሁለት ሙሉ ላሜራዎች ፍሬሙ ላይ ከየጎኑ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ተደርበው፣ መሐሉ አግዳሚ ላይ ተገናኝተው፣ አንዳች ሳይቆረጥ ይገጥማሉ። ትንሿ የሰው መግቢያ ተካፋች 1.05 ሜትር ወርድ ስላላት ከላሜራው አምስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ተቆረጠ፤ ያንን ቁራጭ አስቀመጥሁት። የሁለቱ ወርድ 3.15 ነው፤ በጎንና በመሐል ከሚተወው ክፍተት ጋር ሲደመር 3.20 ያለውን የግቢ መግቢያ ይሞላል።

ሰያፉን ድጋፍ ያስገባሁት ከታችኛው ማጠፊያ ማዕዘን ተነስቶ ወደ ላይኛው የጫፍ ማዕዘን እንዲወጣ አድርጌ ነው። የበሩ ጫፍ ሊወርድ ሲል ይህ ብረት ክብደቱን ተቀብሎ ወደ ታችኛው ማጠፊያ ይገፋዋል፤ ብይዋም ያለችው እዚያው ነው።

ፍሬሙን ስበይድ በጣም የተጠነቀቅሁት ለመጣመም ነው። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ አንዱን ማዕዘን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው በስኳድራ የለካው ማዕዘን እንደጠበቀው አያገኘውም። እኔ አራቱንም ማዕዘኖች በትንንሽ ነጥብ ብቻ ያዝኋቸውና ከማዕዘን ማዕዘን ያለውን ርቀት በሁለቱም አቅጣጫ ለካሁ፤ ሁለቱም 2.97 ሜትር ሆኑ። ከዚያም አንዱን ማዕዘን ትንሽ፣ ተቃራኒውን ትንሽ፣ አገላብጬ ከጀርባው እንደገና ትንሽ እያልሁ በየድሁ። በመካከል ስለካው አንደኛው ሰያፍ በ3 ሚሊ ሜትር አጥሮ አገኘሁት፤ ሌላኛውን ጥንድ ማዕዘን ቀድሜ በመበየድ መለስሁት። ለዚህ ሥራ 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነ 6013 ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) በ75 አምፔር በቂዬ ነበር። ማጠፊያዎቹን ግን በ3.2 ሚሊ ሜትር 7018 በ120 አምፔር ነው የበየድኋቸው፤ ይህ ኤሌክትሮድ ብየዳው ሲጎተት የሚለጠጥና በቀላሉ የማይሰነጠቅ ሆኖ ይወጣል፤ እርጥበት ከነካው ግን ጥቅሙ ይጠፋል፤ ስለዚህ ካርቶኑ ተከፍቶ የሰነበተ ከሆነ አለመጠቀም ይሻላል።

ላሜራው ዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ አይበየድም። ሦስት ሳንቲ ሜትር በይዶ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር መዝለል፣ ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር መሄድ፣ አንዱ ጎን ሲሞቅ ወደ ሌላው መሻገር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሆዱ ይነፋና ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እንደ ከበሮ ይጮኻል። የቀረውን ክፍተት ውሃ እንዳያስገባ በመኪና ስቱኮ ሞላሁት።

በነዚያ ቅዳሜዎች ሁሉ ያሳሰበኝ አንድ ነገር የጎረቤት ልጆች ነበሩ። የብየዳ ብርሃን ልጆችን ይስባል፤ ሕመሙ የሚጀምረው ግን ከሰዓታት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው፤ ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ያንገበግባል። እኔ 10 ወይም 11 ቁጥር መስታወት ባለው መሸፈኛ ውስጥ ሆኜ እነሱ በባዶ ዓይን ሲያዩ ዝም ማለት አልቻልሁም፤ ስለዚህ በገመድ ላይ ሁለት አሮጌ ብርድ ልብስ አንጠልጥዬ ካልጋረድሁ ኤሌክትሮድ አልለኩስም ነበር። መንገድ ዳር የሚሠሩ በያጆቻችን ይህን ቢያደርጉ ምንኛ በወደድሁ።

በሩ የተሰቀለው ኮለኑ በተሞላ በአምስተኛው ቅዳሜ ነው። ሁለቱ ወንዴዎች በትክክል በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መዋል አለባቸው፤ መስመሩ ወደ መንገድ ካዘነበለ በሩ በራሱ ይዘጋል፤ ወደ ግቢ ካዘነበለ በራሱ ይከፈታል። የታችኛውን ክንድ በቋሚነት በይጄ፣ የላይኛውን በቡሎኖቹ ለጊዜው አስሬ፣ ከላይኛው ፒን መሐል ቱንቢ ጣልሁና የቱንቢው ሹል የታችኛው ፒን መሐል ላይ እስኪያርፍ ድረስ አስተካከልሁ። ይህ ብቻውን አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ፤ ከሥራው ሁሉ ተጣድፌ ባልሠራው የምመርጠው ክፍል ቢኖር ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ብይዋን ግሪስ ውስጥ ነክረን ወንዴው አናት ላይ አስቀመጥናት፤ አራት ሆነን በሩን አንስተን ደፋነው። እጄን ለቀቅሁ፤ በሩ ግማሽ ድረስ ተከፍቶ ቆመ። ሩብ ድረስ መለስሁት፤ እዚያም ቆመ።

አሁን ወደ ቡሎኖቹ ልመለስ። የላይኛውን ማጠፊያ ስገጥም በክንዱና በኮለኑ ላሜራ መካከል ሦስት ስስ ቁራጮችን አስገብቼ ነበር፤ ቁራጮቹ ከትንሿ ተካፋች ላሜራ የተረፈው አምስት ሳንቲ ሜትር ናቸው፤ ውፍረታቸው 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። በሩ ከጊዜ በኋላ ጫፉን ቢጥል አንዷን ቁራጭ ማውጣት ብቻ ይበቃል፤ ማጠፊያው 1.5 ሚሊ ሜትር ወደ ኮለኑ ሲጠጋ፣ የበሩ ወርድ ከማጠፊያዎቹ ርቀት ስለሚበልጥ፣ ጫፉ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ብየዳ መቁረጥ፣ በያጅ መጥራት አያስፈልግም። ቡሎኖቹ በሩ ሲዘጋ ከውስጥ በኩል ስለሆኑ ከውጭ አይደረስባቸውም። የተደፋ ማጠፊያ አንድ ድክመት አለው፤ ሌባ በሩን ከሥሩ ፈንቅሎ ወደ ላይ ካነሳው ከነቁልፉ ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ በሩ ከተሰቀለ በኋላ ከላይኛው ኩባያ በላይ፣ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ክፍተት ትቼ፣ ቁራጭ ብረት ክንዱ ላይ በየድሁ።

ሌላው የአፍንጮ በር ዳገት ያመጣው ጉዳይ ነበር። ግቢያችን ወደ ውስጥ በሄዱ ቁጥር ከፍ ይላል፤ በውሃ ልክ ስለካው በ2 ሜትር ውስጥ 6 ሳንቲ ሜትር ሆኖ አገኘሁት። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ማጠፊያው ምንም ያህል ደህና ቢሆን እንዲህ ባለ ቦታ መሬት መፋቁ አይቀርም፤ የአሮጌው በር ጭረት ከፊሉ ምክንያት ይህ ነው። አዲሱን 9 ሳንቲ ሜትር ከመሬት አነሳሁትና ከሥሩ የጎማ ቁራጭ በቡሎን አሰርሁበት፤ ጎማው ዳገቱ ላይ ሲደርስ ታጥፎ ያልፋል።

ስለ ቀለሙ ብዙ የምለው የለም፤ ዝገቱ በግራይንደርና በብርጭቆ ወረቀት ጸዳ፤ ሁለት ጊዜ አንቲረስት፣ ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀባ። ለእናቴ ግን አረንጓዴ መሆን ነበረበት፤ ሆነ። በታችኛው ቱቦላሬ ሆድ ላይ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች ከፍቻለሁ፤ በቱቦላሬ ውስጥ የሚጠራቀም ውሃ መውጫ ካላገኘ በሩን የሚበላው ከውስጥ ነው።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ግሪስ ልጨምር ሄድሁ። በመሐል በሁለቱ ተካፋቾች መካከል ያለው ክፍተት ከላይም ከታችም 1 ሳንቲ ሜትር መሆን ሲገባው፣ ከላይ በ2 ሚሊ ሜትር ጠብቦ፣ የትልቁ ተካፋች ጫፍም በ3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ አገኘሁት፤ ብይዋ መቀመጫዋን አደላድላለች። አራቱን ቡሎኖች አላልቼ አንዷን ቁራጭ መዝዤ አወጣሁና መልሼ አጠበቅሁ። እናቴ ከጓሮ ስትመጣ ትልቁን ተካፋች በአንድ እጇ ገፋ አድርጋ ከፈተችው፤ በሌላው ሰፌድ ይዛ ነበር። ሁለቱ ቁራጮች ገና እዚያው ናቸው።